የቅድስት ሐና መኝታ ቤት

በፖርዝ-ኬርዌን ወደብ የማይዋሽ ሰው የለም፤ ጎልቬን ግን ውሸትን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ነበር። ሌላው የያዘውን ዓሣ በክንዱ ሲለካ፣ እሱ የዓሣውን አማችና ምራት ሳይቀር ይቆጥርልሃል። አንድ ክረምት ጉሙ ከመወፈሩ የተነሣ ምስማር መትቶበት የዝናብ ካፖርቱን እንደሰቀለበት፣ ጠዋት ጉሙ ሲነሣ ካፖርቱን ይዞት እንደሄደ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ካፖርቱ በኪሱ የአንድ አየርላንዳዊ ፒፓ ይዞ እንደተመለሰ በመጠጥ ቤቱ ምድጃ ዳር ተርኮ ነበር። ያመነው አልነበረም፤ ተነሥቶ የሄደም አልነበረም። እንዲያውም አንዱ፣ "ፒፓው ትንባሆ ነበረበት ወይ?" ብሎ ጠየቀ።

"ነበረበት፤ ግን ርሷል" አለ ጎልቬን፣ ከልቡ አዝኖ።

ሚስቱ ሶአዚግ ሌላ ፍጥረት ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ስታድል ኖራ ጡረታ የወጣች፣ የአገሩ ምሥጢር ሁሉ በእጇ ሲያልፍ አንዱንም ፖስታ ብርሃን ላይ ይዛ ያላየች ሴት። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንቅልፍ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከወፍ ቀድማ ስለተነሣች የቀረውን ዕድሜዋን ልትተኛበት ቆርጣለች። ችግሩ ጎልቬን ደግሞ የቀረውን ዕድሜውን በጀልባ ሊጨርሰው መቁረጡ ነው። ስቴረደን የምትባል ዘጠኝ ሜትር ባለሸራ ጀልባ አለቻቸው። የተጻፈችው በሁለቱም ስም ስለሆነ፣ ለመሸጥም ላለመሸጥም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

በነሐሴ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሶአዚግ የሽንኩርቱን ቅርጫት ጀልባዋ ላይ አስቀመጠችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ስማኝ ጎልቬን። አምና ሦስት ጊዜ ከአልጋ ወድቄአለሁ። ካቻምና ክርኔን ሰብሬአለሁ። ያ የቫን ከተማው ውል አዋዋይ 'ጀልባችሁን ሽጡልኝ' ማለት ከጀመረ ስንት ዓመቱ?"

"አራት። ግን እሱ ሰውዬ እኮ ሸራና አንሶላ የማይለይ…"

"ሰኞ ከረፋዱ በአራት ሰዓት እዚህ ወደብ ላይ ቀጥሬዋለሁ። ዛሬና ነገ ማታ ከተኛሁ 'አይሸጥም' ብዬ እመልሰዋለሁ። ካልተኛሁ እፈርማለሁ፤ አንተም ትፈርማለህ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ባሕር እኮ ነው! ትንሽ መወዝወዝ ያለ ነው።"

"መወዝወዝ ሌላ፣ መናጥ ሌላ። እኔ ቅቤ አይደለሁም።"

ጎልቬን የጀልባዋን ጠርዝ ያዝ አደረገ። ያቺ ጀልባ ከተሸጠች እሱ ማን ነው? ምድር ላይ ያለ ተራ ውሸታም ነዋ! ባሕር የሌለው ውሸታም ደግሞ ቶሎ ይያዛል።

መቼም የዚያ ባሕር ክፋቱ ንፋሱ አይደለም። ንፋስ ጨዋ ነው፤ ሲመጣ እያፏጨ ይመጣል፣ ሲሄድም ይሄዳል። ክፉው የሩቅ ሞገድ ነው። ከውቅያኖሱ መሃል፣ ከአራት ቀን በፊት የሞተ ማዕበል የላከው፣ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ድምፅ የሌለው የውሃ ጀርባ። ለቅሶው አብቅቶ ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ከሩቅ አገር እንደሚደርስ ለቀስተኛ፣ ሁሉም ረስቶ ሲስቅ እሱ ገና "ወየው!" እያለ ይገባል። ሞኝ ሰው መልሕቅ የሚጥልበትን ቦታ በንፋስ ይመርጣል፤ ንፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ከአንድ ደሴት በስተምዕራብ ይሸሸጋል። የሩቁ ሞገድ ከምዕራብ መጥቶ እዚያው ሌሊቱን ሲንጠው ያድራል። ብልጥ ነኝ ያለው ወደ ባሕር ከገባ የድንጋይ አፍንጫ ኋላ ይደበቃል፤ ሞገዱ ግን አፍንጫውን ዞሮ፣ ልክ ጎረቤት ልትጠይቅ እንደመጣች አሮጊት፣ በጓሮ በር ይገባበታል።

ጎልቬን ይህን ሁሉ ያውቃል። ከማወቅም አልፎ፣ ኤኔዝ-ቪያን በምትባለው ደሴት በምሥራቅ በኩል ከርሽክ የሚባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ያውቃል። ሸርጣን አጥማጅ አያቱ ናቸው ያሳዩት። አፉ ላይ የድንጋይ ደፍ አለው፤ ከደፉ ላይ ጀልባ የሚያሳልፍ ውሃ የሚገኘው ጨረቃ ስትሞላ ወይም ስትጠፋ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ በሚልበት በትልቅ ሙላት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ለሁለት ሰዓት ያህል። አንዴ ከገባህ ግን በስተውጭ ውቅያኖሱ ቢያብድ ውስጡ እንደ ሳህን ውሃ ነው። ታዲያ ጎልቬን ይህን ቦታ ማንም እንዳይደርስበት "የሰይጣን ጉሮሮ" የሚል ስም አወጣለት። ሰባት መልሕቅ እንደበላበት፣ ገመድ የሚፈታ ባለስምንት እጅ ኦክቶፐስ እንዳለበት፣ ያውም ኦክቶፐሱ ግራኝ እንደሆነ አወራ። በአንጻሩ በደሴቱ ምዕራብ ያለውን፣ ለሩቁ ሞገድ አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን ክፉ ወሽመጥ "የቅድስት ሐና መኝታ ቤት" ብሎ ሰየመው። እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ይልካል፤ ከዚያ ወደ ከርሽኩ ገብቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ የፖም ጠጁን ይጠጣል።

ለሶአዚግም ያወራላት ይህንኑ ነው። በሥራዋ ዘመን እሱ "ዓሣ ልያዝ" ብሎ ሄዶ ከርሽክ ውስጥ ሲተኛ ውሎ ሲመሽበት፣ "ከሰይጣን ጉሮሮ በስንት መከራ አመለጥኩ!" እያለ ይገባ ነበር። ጡረታ ወጥታ አብራው ባሕር መውጣት ከጀመረች ወዲህ ሊወስዳት ሦስት ጊዜ አስቦ ሦስት ጊዜ አፍሮ ተወው።

ከሁሉ የከፋው መጽሐፉ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ባለመነጽር ሰው፣ ለባለጀልባዎች የመልሕቅ መጣያ ቦታዎችን የሚዘረዝር መጽሐፍ ሊጽፍ መጥቶ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ጎልቬንን አግኝቶ ጋበዘው። ጎልቬን በእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ ገጽ ሰጠው። መጽሐፉ ታተመ፤ ሶአዚግም ባለፈው ሳምንት ገዛችው።

"ዛሬ አንተ አትመርጥም" አለች መጽሐፉን ከሽንኩርቱ መሃል መዝዛ። "እኔ መርጫለሁ። የቅድስት ሐና መኝታ ቤት።"

ጎልቬን ያጠለቀውን ጓንት መልሶ አወለቀ።

"የት?"

"ገጽ ሰማንያ አራት። 'አንድ ቅን የአገሬው አዛውንት እንዳረጋገጡልን፣ በዳርቻው ሁሉ ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ ማደሪያ የለም።' ሰማህ? ቅን አዛውንት! እንዲህ ዓይነትም ሰው በዚህ አገር ኖሮ አንተን አገባሁ!"

ጎልቬን በመንገድ ላይ ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ ንፋሱ ሊዞር ነው አለ። ንፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ እንደተቀጠረ ሠራተኛ በሰዓቱ ይነፍሳል። ቀጥሎ እዚያ ወሽመጥ የሚናደፍ ጄሊፊሽ ሞልቷል አለ።

"ልተኛ ነው እንጂ ልዋኝ አልሄድኩም።"

ጉልበቴን አመመኝ አለ።

"አልጋ ላይ ይሻልሃል።"

በመጨረሻ ሁሉ ነገር ሲያልቅበት፣ በዕድሜው እምብዛም ያልሞከረውን ዘዴ ሞከረ፤ እውነቱን ተናገረ። "ሶአዚግ፣ የሩቁ ሞገድ ከምዕራብ ነው፤ ሁለት ሜትር ተኩል አለው። ያ ቦታ ወደ ምዕራብ ክፍት ነው። ይንጠናል።"

ሶአዚግ ፊቱን አየችው። አርባ አንድ ዓመት አየችው ያንን ፊት።

"ስትዋሽ እኮ ዐይንህን ታፈጣለህ" አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወሽመጡ ደረሱ። አምስት ጀልባዎች ቀድመው መልሕቅ ጥለዋል። የአምስቱም ምሰሶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወድቃል፤ አምስት ሰካራም ዘፋኞች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ ይመስላሉ። ከአንዱ ጀልባ ውስጥ ድስት ሲንከባለል፣ ተመልሶ ሲንከባለል ይሰማል።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ባለጀልባ አመል ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ ባሕር ላይ መጥፎ ሌሊት ያደረ ሰው ተወልዶ አያውቅም። ጥርሱ ተነቅሎ፣ ግንባሩ አብጦ፣ ዐይኑ ደም ለብሶ ወደብ ቢገባም፣ "እንዴት አደራችሁ?" ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ "እንደ ሕፃን!" እንዲህ ባይሆን ኖሮ የጎልቬን ውሸት አንድ ክረምት አይሻገርም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ስንቱ እዚያ ሲናጥ አድሮ፣ ጠዋት ላይ ለሚቀጥለው "ግሩም ቦታ ነው!" እያለ አሳልፎ ሰጥቷል።

ሶአዚግ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጀልባ ተጣራች። እዚያ ላይ አንድ ቀይ ጺም ያለው ቤልጂጋዊ፣ በአንድ እጁ ምሰሶውን አቅፎ በሌላው ባዶ ብርጭቆ ይዟል። መጠጡ ሸሚዙ ላይ ነው። ኋላ እንደታወቀው ስሙ ኦዲሎን ነው፤ 'ሙሴ' ማለት በዚያ አገር 'አቶ' ማለት ነው።

"ሙሴ! እንዴት ነው እዚህ?"

"ግሩም ነው ማዳም! ኩሬ በይው!" አለ ሙሴ ኦዲሎን፤ ወዲያው ጀልባው ሲጋደል እግሩ ከወለሉ ለቆ እንደ ባንዲራ ተውለበለበ። "ሦስተኛ ሌሊታችን ነው! ባለቤቴ ከመውደዷ የተነሣ ከአልጋ አልወርድም ብላለች!"

ከውስጥ የሴት ማቃሰት ተሰማ።

"ሰማህ?" አለች ሶአዚግ ወደ ባሏ ዞራ። "ወደውታል።"

መልሕቁ ወረደ። ሶአዚግ ሾርባዋን ጣደች፤ ሾርባው ተነሥቶ ሄደ። ሽንኩርቱ ቅርጫቱን ትቶ መሬቱን ያዘ፤ በእያንዳንዱ ሞገድ እንደ መንጋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይነዳል። ሶአዚግ ግን መጽሐፏን በብብቷ ይዛ፣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ፣ በሁለት እጇ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ፣ "አሁን ያልፋል፤ መርከብ አልፎ ይሆናል" አለች።

"የምን መርከብ? ሰማንያ መርከብ ነው ያለፈው?"

"ዝም በል። ልተኛ ነው።"

ጎልቬን የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ትንሿን መልሕቅ ስቴረደን በምትጎትታት ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ወስዶ ከኋላ ጣለና የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዞረ፤ ሞገዱን በጎን ከመቀበል ይልቅ ፊት ለፊት መቀበል ይሻላልና። ከዚያ የሸራውን አግዳሚ እንጨት ወደ ጎን ገፍቶ፣ ጫፉ ላይ ባልዲ በገመድ አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ሰደደ፤ ባልዲው ውሃ ሲጎትት መወዛወዙን ይቀንሳል። ቀነሰም። ለሩብ ሰዓት ያህል ሶአዚግ ዐይኗን ጨፈነች፤ ጎልቬንም ትንፋሹን ያዘ። በኋላ የባሕሩ ፍሰት አቅጣጫውን ቀየረ፣ የኋላዋ መልሕቅ አሸዋውን ለቀቀች፣ ስቴረደን ጎኗን ለሞገዱ ሰጠች፤ ባልዲውም መያዣው ብቻ ቀርቶ ሄደ። ከታች አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ።

"ሶአዚግ?"

"አለሁ" አለች ከወለሉ። "ሰኞ በአራት ሰዓት አልኩህ አይደል?"

ጎልቬን ሰዓቱን አየ። ሙላቱ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ሲል የከርሽክ ደፍ ይዘጋል። አሁን አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል፤ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ታች ወረደ። ሽንኩርቱ መሃል፣ ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። እሱ… ቅን አዛውንት የተባለው… እኔ ነኝ።"

 ሶአዚግ ሳቀች፤ እየተንከባለለች ሳቀች።

"ኦ ጎልቬን! ዓሣውንም አንተ ነህ የያዝከው፣ ካፖርቱንም ጉም ላይ አንተ ነህ የሰቀልከው፤ አሁን ደግሞ ቅንም አንተ ነህ! የሰው ቅንነት ትሰርቃለህ?"

"እውነቴን ነው! ሰውን ወደዚህ የላክሁት እዚያ እንዳይመጣብኝ ነው። የሰይጣን ጉሮሮ የሚባል ነገር የለም። ከርሽክ ነው ስሙ። እንደ ሳህን ውሃ ነው። አሁኑኑ ከሄድን እንደርሳለን።"

"ሰባቱን መልሕቅ የበላው ቦታ ልትወስደኝ? ዐይንህ ፈጧል፣ ዐይንህ!"

መቼም ውሸታም ሰው ቤቱ ሲቃጠል የሚያምነው የለም። ጎልቬን አሰበ። ማስረጃ አለ፤ ግን ከበሽታው መድኃኒቱ ይብሳል።

"መነጽርሽን አድርጊ" አለ በመጨረሻ። "ከገጹ በታች፣ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ።"

ሶአዚግ አንድ እግሯን ከጠረጴዛው እግር ጋር ቆልፋ፣ መነጽሯን ሰክታ፣ ጮክ ብላ አነበበች። "'እኚሁ አዛውንት እንዳጫወቱን፣ ደብዳቤ አዳይ የሆኑት ባለቤታቸው በዚህ ወሽመጥ ሲተኙ፣ ከማንኮራፋታቸው ብርታት የተነሣ የደሴቱ በጎች ለሁለት ቀን ወተት…'"

አልጨረሰችውም። በዚያ ዳርቻ ሁሉ ደብዳቤ አዳይ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች።

ሞገድ መጣ፤ ሽንኩርቱ ሄደ፤ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

"ሻማዎቹስ?" አለች ሶአዚግ ቀስ ብላ።

"የምን ሻማ?"

"ከሰይጣን ጉሮሮ አመለጥኩ ባልክ ቁጥር ለቅድስት ሐና ያበራኋቸው። ሃያ ዓመት። ከሥራ ወጥቼ፣ በዝናብ፣ ብስክሌቴን ወደ ቤተ ጸሎቷ ኮረብታ እየገፋሁ። አንተ የት ነበርክ ያኔ?"

ጎልቬን አንድ ሽንኩርት አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

"ተኝቼ" አለ።

ሶአዚግ መጽሐፉን ዘጋች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው። "መልሕቅህን አንሣ። እዚያ እንሂድ፣ እኔም ልተኛ። ጀልባዋ ግን ብተኛም ባልተኛም ሰኞ ትሸጣለች። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እነዚህን ሰዎች እንዲህ ትተሃቸው አትሄድም። ሁሉንም ይዘህ ትገባለህ።"

"ከርሽክ? ሁሉንም? ሶአዚግ፣ ሃያ ዓመት የደበቅሁት…"

"ሁሉንም አልኩ።"

ጎልቬን ወጥቶ ምሰሶውን ተደገፈና በሁለት መዳፉ አፉን ከቦ ጮኸ። "ወዳጆቼ! ይህ ቦታ መጥፎ ነው! መጽሐፉ ተሳስቷል! የተረጋጋ ቦታ ላሳያችሁ፣ ተከተሉኝ!"

አምስቱም ጀልባዎች ላይ አንገቶች ብቅ አሉ፤ ፊታቸው ሁሉ እንደ ጥሬ ጎመን አረንጓዴ ነው።

"እኛ ተመችቶናል!" አለ አንዱ።

"ትንሽ ነገር ብትወዘወዝ ያስተኛል እንጂ ምን ታደርጋለች!" አለች ሌላዋ፣ በአንሶላ ራሷን ከወንበር ጋር አስራ።

"እንደ ሕፃን ነው የምንተኛው!" አለ ሙሴ ኦዲሎን። ተንሸራቶ ከዐይን ተሰወረ፤ ከተሰወረበትም "እንደ ሕፃን!" ሲል ተሰማ።

ጎልቬን ወደ ሚስቱ ዞረ። "አየሽ? እውነት ተናገርኩ። አልፈለጉም። እንሂድ።" በውስጡም ደስ ብሎታል፤ ከርሽኩ ተረፈለት።

ሶአዚግ ግን ገፋ አድርጋው ወጣች። ጸጉሯ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል፤ ክርኗ ተልጧል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በየበሩ "ደብዳቤ!" ስትል በኖረችበት ድምፅ ለቀቀችው።

"እኔ አልተመቸኝም! ከአልጋ ወድቄአለሁ! ሾርባዬ ግድግዳ ላይ ነው! አንጀቴ ተገልብጧል! እዚህ ከማድር ጭቃ ውስጥ ባድር እመርጣለሁ!"

በዚያ ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ድስቱ ሁለት ጊዜ ተንከባለለ። ከዚያ ከቤልጂጋዊው ጀልባ ውስጥ፣ ሦስት ቀን ከአልጋ ያልወረደችው ማዳም ኦዲሎን እየዳኸች ብቅ አለች።

"እኔም!" አለች። "እኔም! ሦስት ቀን ከብስኩት በቀር የቀመስኩት የለም! ሰማህ ኦዲሎን? ጠላሁት! ይህን ጀልባ፣ ይህን ጺምህን፣ ሁሉንም!"

"እውነት ለመናገር" አለ በአንሶላ ራሷን ያሰረችው ሴት ባል፣ "እኔም ዛሬ ጠዋት አልቅሼአለሁ።"

ከዚያ በኋላማ ግድብ እንደተነደለ ነው። አንዱ አስመልሷል፤ አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ባሕር ገብቷል፤ አንዱ ሌሊቱን በሱሪ ቀበቶው ራሱን ከማብሰያው ጋር አስሮ አድሯል። ሁሉም የጉዳቱን መጠን ለማስበለጥ ይሻማ ጀመር፤ ጎልቬን እንኳ "ይህችኛዋስ ተጋነነች" ብሎ ያሰባት ነበረች። አምስት መልሕቅ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

በአንድ ሰዓት ከሩብ ስድስቱም ጀልባዎች በሰልፍ ከርሽክ ደጅ ደረሱ። ከውጭ ሲታይ ድንጋይና አረፋ ብቻ ነው፤ ሰይጣን ራሱ ቢሆን ደግሞ ያስብበታል። ጎልቬን የአያቱን ምልክት ያዘ፤ ደሴቱ ላይ ያለውን የቤተ ጸሎት ጫፍ ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ጋር አንድ መስመር ላይ አሰልፎ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ደፉ ከጀልባዋ ሆድ ሥር አንድ ክንድ ሲቀረው አለፈ። ከኋላው አምስቱ፣ ዳክዬ እናቷን እንደምትከተል፣ አንድ በአንድ ገቡ።

ከዚያ ጸጥታ። ምሰሶዎቹ ቀጥ አሉ። ሙሴ ኦዲሎን ብርጭቆውን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሲያየው ቆየ፤ ብርጭቆው አልተነቃነቀም። ሰውየው እንባው መጣ።

ሶአዚግ ዳቦና ጨው ያለበት ቅቤ ብቻ በላች። ጀርባዋን ለጎልቬን ሰጠች። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የምትቆየው የዚያ አገር የነሐሴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛች። ደሴቱ ላይ ያሉትን በጎች በተመለከተ፣ ጎልቬን ለመጽሐፉ ሰው ከነገረው ሁሉ ይህኛው ያን ያህል ከእውነት የራቀ እንዳልነበር አምስቱም ጀልባዎች መሰከሩ።

እሁድ ንጋት ላይ ጎልቬን ብቻውን ነቅቶ ነበር። ስድስት ጀልባ ሙሉ ሰው ተኝቷል፤ የስንት ቀን ዕዳቸውን ነው የሚተኙት። እሱ ትኩስ ቡናውን ይዞ በጀልባዋ ኋላ ተቀምጦ ደፉን ያያል። ውሃው ቀስ እያለ ሞላ። ጨረቃዋ ሞልታ መጉደል ስለጀመረች ይህ የዚያ ሰሞን የመጨረሻው ትልቅ ሙላት ነው። ከዚህ በኋላ ሙላቱ በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል፤ ጨረቃ ጠፍታ አዲሷ እስክትወለድ፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከዚህ ደፍ ላይ ጀልባ የሚያሳልፍ ውሃ አይኖርም። ጎልቬን ይህን ከአያቱ ተምሯል። አሁን "ተነሡ!" ብሎ ቢጮህ ሁሉም ይወጣሉ፤ ሰኞ በአራት ሰዓትም ስቴረደን ፖርዝ-ኬርዌን ወደብ ላይ ትገኛለች።

ጎልቬን ቡናውን ፉት አለ።

ውሃው ጀልባ እስኪያሳልፍ ከደፉ በላይ ከፍ አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ቡናው አለቀ፤ ጎልቬን ባዶውን ኩባያ መጠጣቱን ቀጠለ። ከዚያ ውሃው መጉደል ጀመረ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ድንጋይ እንደ ዋናተኛ ራስ ብቅ አለ። ጎልቬን ትንፋሹን ለቀቀና ዓሣ ሊይዝ ሄደ።

ረፋዱ ላይ ነገሩ ሲታወቅ ትንሽ ጫጫታ ተነሣ። "አሥራ ሁለት ቀን?" አለ ሙሴ ኦዲሎን። ጎልቬን "ወይ ጉዴ! እንዴት ረሳሁት!" ብሎ ግንባሩን መታ። ሙሴ ኦዲሎን ጥቂት አሰበና፣ ሐሙስ የሚስቱ እናት ለሁለት ሳምንት ልትጠይቃቸው እንደምትመጣ ትዝ ሲለው ፊቱ በራ። ማዳም ኦዲሎንም፣ የእናቷን ነገር ስታስብ፣ ያን ያህል አልከፋትም። ቋጥኙ ላይ እንቁላል የሚያክል፣ ሙስል የሚባል የሚበላ የባሕር ዛጎል ተጣብቋል፣ አንዱ ጋ ዱቄት አለ፣ አንዱ ጋ ሃያ ጠርሙስ የፖም ጠጅ አለ። እስከ ማታ ሁሉም እንደ ሰርገኛ ሆኑ። ሶአዚግ ምሳዋን በልታ ተኛች፤ እራቷን በልታ ተኛች።

ሰኞ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ግን ተነሥታ ለበሰችና የመቅዘፊያ ጀልባውን ይዛ ወደ ደሴቱ ቀዘፈች። ስልክ የሚሠራው ኮረብታው አናት ላይ ነው። ጎልቬን በዋና ተከተላት፤ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከአንድ በግ ኋላ ቆሞ አዳመጠ።

"አዎ ሙሴ፣ እኔ ነኝ" ትላለች ሶአዚግ ለውል አዋዋዩ። "አይ፣ አልመጣንም። ውሃ የለም… ውሃ፣ ውሃ! ባሕር ውስጥ ነን፤ ግን ውሃ የለም፤ ለአሥራ ሁለት ቀን… ምን? ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ?" ቁልቁል አየች፤ ስድስቱ ጀልባዎች እንደተቀመጡ ዝይዎች ፀጥ ብለዋል። "አይ ሙሴ። ሌላ ይፈልጉ። ሁለት ሌሊት እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም። አይሸጥም።"

ስልኩን ኪሷ ከተተች።

"ከበጉ ኋላ ውጣ። በጉ ባርኔጣ አያደርግም።"

ጎልቬን ወጣ። ከደስታው ብዛት ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ብርዱም አለበት።

"ሶአዚግዬ! ሻማዎቹን ይቅር አልሽኝ?"

"አላልኩም። አንተ ታበራቸዋለህ። ከወደቡ ሥር እስከ ቅድስት ሐና ቤተ ጸሎት፣ በእግርህ፣ በዝናብ ቀን፣ አንድ በአንድ። ስንት እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ።"

"አበራለሁ! ሙላቱን መርሳቴ እንዴት በጀን አየሽ? እኔ ደግሞ እንዲሁ ከአእምሮዬ…"

"ዐይንህን አታፍጥ" አለች ሶአዚግ። "ትናንት ንጋት ላይ ነቅቼ ነበር። በመስኮቷ አየሁህ። ባዶ ኩባያ ስትጠጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁህ።"

ጎልቬን የረጠበ ባርኔጣውን ጨመቀ።

"ታዲያ… ለምን ዝም አልሽ?"

ሶአዚግ ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁለቱን ጀመረችው።

"እንቅልፌን ገና አልጠገብኩም ነበራ።"